እዚያ ማን አለ?

ጂኦግራፊ አስተማሪ ስለነበርኩ የትምህርት ቤቱ ትልቁ ካርታ በእኔ እጅ ነበር። አንዱ ሴንቲ ሜትር 20 ኪሎ ሜትር የሚቆጠርበት፣ ጠርዙ አርጅቶ በፕላስተር የተጠገነ የግድግዳ ካርታ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የከፍተኛ ትምህርት ምርጫ ፎርም የሚሞሉበት ሰሞን ሲደርስ ካርታውን ጠቅልዬ ከመማሪያ ክፍሉ ወደ ዕቃ ቤቱ እወስደውና ከመስኮቱ ትይዩ እሰቅለዋለሁ። ከሥሩ አንድ ጠረጴዛና ሁለት አግዳሚ ወንበር አለ፤ በጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ደግሞ ቀይ የሹራብ ክር። የክሩን አንድ ጫፍ እኔ በከተማችን ላይ በአውራ ጣቴ እይዛለሁ። ሌላውን ጫፍ ተማሪው ይዞ መንገዱን እየተከተለ ይወስደዋል፤ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ደብረ ሲና፣ ደብረ ብርሃን፣ አዲስ አበባ። ከአዲስ አበባ ወዲያ መንገዱ ብዙ ነው። ወደ ጅማ የሚሄድ አለ፤ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ አለ፤ ወደ ዓለማያ የሚታጠፍ አለ። ሲጨርስ ክሩን በማስመሪያ ለክተን በ20 እናባዛለን። ከዚያ ስንት ቀን መንገድ እንደሆነና የት እንደሚታደር እንቆጥራለን።

ከዚያ ክፍል ከወጣሁ 20 ዓመት አልፎኛል። ክሩ ግን አሁንም ቤቴ አለ።

ዘመኑ 1980ዎቹ ነው። ደርግ ወድቆ መንገዱ ተከፍቷል፤ ማትሪክ ገና በ12ኛ ክፍል ይሰጣል። ማትሪክ በዚያን ጊዜ የአንድ ቤተሰብ ዕጣ የሚወጣበት ቃል ነበር። «ስንት አመጣ?» የሚል ሁሉ መልሱን በነጥብ ነው የሚፈልገው። 4 ነጥብ ያመጣ ልጅ ስሙ ከወረዳ ወረዳ ይሻገራል፤ በገበያ ቀን አባቱን መንገድ ላይ እያስቆሙ የሚስሙት አሉ። ነጥቡ ያልሞላለት በግል ይፈተናል፣ ደሴ መምህራን ማሠልጠኛ ይመዘገባል፣ ወይም ወደ እርሻው ይመለሳል። ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ። ጎንደር የሕክምና ኮሌጅ አለ፣ ጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት አለ፣ አርባ ምንጭ ገና 10 ዓመት ያልሞላው የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ ባሕር ዳር፣ አዋሳ፣ አምቦ፣ ወንዶ ገነት፣ ኮተቤ ኮሌጆች አሉ። በወሎ ምድር ግን አንድም ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። የወሎ ልጅ መማር ማለት መራቅ ማለት ነበር።

ምክር እንዲሰጥ የተመደበ ሰው ትምህርት ቤታችን አልነበረውም። ፎርሙ ከዞን ትምህርት መምሪያ ይመጣል፣ ርዕሰ መምህሩ ለክፍል ኃላፊዎች ያድላል፣ የክፍል ኃላፊው «እስከ ዓርብ ሞልታችሁ አምጡ» ይላል። በቃ። የተማሪዎቹ አብዛኛው የገጠር ልጅ ነው። ከተማ ውስጥ ለአራት ለአምስት ሆነው ክፍል ተከራይተው፣ ዓርብ ማታ የሦስት የአራት ሰዓት መንገድ በእግር ሄደው፣ እሑድ ማታ የሳምንት ስንቃቸውን ተሸክመው የሚመለሱ ናቸው። ኮሌጅ አይቶ የሚያውቅ ሰው በቤታቸው የለም። እኔ ቢያንስ ግቢውን አውቀዋለሁ፤ ስድስት ኪሎ ተምሬያለሁ፣ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መሽቶብኛል። ማንም ሳያዘኝ ካርታውን ይዤ ዕቃ ቤት የገባሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ሥራው ከፎርሙ በፊት፣ በማትሪክ ምዝገባ ጊዜ ይጀምራል። ጉርድ ፎቶ ያስፈልጋል። በከተማችን አንድ ፎቶ ቤት ነበር፤ ባለፎቶ ቤቱ ከበሩ ጀርባ አንድ ግራጫ ኮት ሰቅሎ ያኖራል፣ ኮት ለሌለው ሁሉ ያለብሳል። የ1986 ዓ.ም. ተፈታኞቻችንን ፎቶ በሮስተሩ ላይ ደርድሬ ሳይ የዚያ ኮት ግራ ኮሌታ፣ እሳት የነካው ትንሽ ቡናማ ምልክት ያለበት፣ ከወንዶቹ ከግማሽ በላይ አንገት ሥር ነበር። ልጆቹ ከኮቱ በላይ ቀጥ ብለው ያያሉ። እንደዚያ ያለ የኮራ ፊት ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ቀጥሎ የስም ጉዳይ አለ። ስም በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ማትሪክ ላይ የተጻፈው ሆሄ ደግሞ እስከ መጨረሻው ይከተላል። የአንድ እናትና አባት ልጆች የሆኑ ሁለት ወንድማማቾች የአባታቸውን ስም በሁለት ዓይነት ሆሄ ጽፈው ተፈተኑ፤ ከዓመታት በኋላ ታናሽየው ውጭ አገር ታላቁን ሊጠራ ሲሞክር «ወንድምህ መሆኑን አስረዳ» ተባለ። ይህን ከሰማሁ በኋላ የእያንዳንዱን ተማሪ ስም ከ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ወረቀቱ ጋር ፊደል በፊደል ሳላመሳክር አላሳለፍኩም። ማታ ማታ በፋኖስ ነበር የምሠራው። ድካሙ አይታወቀኝም ነበር።

አሁን አንድ ደብተር እንዴት እንደጀመርኩ ልንገራችሁ።

በኬሚስትሪ ከክፍሏ የሚስተካከላት ያልነበረ ልጅ ነበረች። ከደጋው ሰፈር በየሳምንቱ ከሦስት ሰዓት በላይ እየተጓዘች ነው የተማረችው። ጅማ ልሙላ አለች፤ የጤና ትምህርት ነው የምፈልገው አለች። ክሩን ይዘን ለካን፣ 700 ኪሎ ሜትር አለፈ። አልደነገጠችም። በማግስቱ አባቷ መጡ። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ምርኩዛቸውን ከበሩ አስደግፈው ገቡና ካርታው ፊት ቆሙ። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ክሩ የቱን እንደሚያሳይ እንዳስረዳቸው ጠየቁኝ። አስረዳሁ።

«ጅማ ወደ ኢሉባቦር መሄጃ አይደለም መምህር?» አሉኝ።

«ነው አባቴ፤ አልፎ በበደሌ በኩል ይኬዳል።»

«ወንድሜን በ77 የጫኑት በዚያ በኩል ነው።»

ዝም አልን። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከወሎ ወደ ከፋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ወለጋ በሰፈራ የተወሰደው ሕዝብ ስንት እንደነበር በእኛ አገር የማያስታውስ የለም። መኪና ላይ ወጥቶ የቀረ፣ ደብዳቤ ያልመጣለት፣ ሙት ይሁን በሕይወት ያልተለየ ዘመድ በየቤቱ አለ። እኔ ኪሎ ሜትሩን፣ የትምህርቱን ዓይነት፣ ምግቡና መኝታው በመንግሥት እንደሆነ ለማስረዳት ተዘጋጅቼ ነበር። በዚያን ጊዜ በእርግጥም በመንግሥት ነበር፤ ወጪ መጋራት የሚባለው የመጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። አባትየው ግን ስለ ክፍያ አልጠየቁም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦

«እዚያ ማን አለ?»

መልስ አልነበረኝም። ነገ ይመለሱ አልኳቸው።

ያን ማታ የቀድሞ ሮስተሮችን አውጥቼ ተቀመጥኩ። ከሁለት ዓመት በፊት ጅማ የገባ አንድ ልጅ ትዝ አለኝ፤ አባቱ ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ነበር። ጠዋት ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄጄ የልጁን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ተቀበልኩና ደብዳቤ ጻፍኩ። «አንዲት የአገርህ ልጅ ትመጣ ይሆናል። ቀኑን አስታውቅሃለሁ፤ መናኸሪያ ወጥተህ ተቀበላት፣ ሬጅስትራር ድረስ አብረሃት ሂድ፣ የሴቶች ማደሪያ አድርሰህ ከአገር ቤት ልጆች ጋር አስተዋውቃት» የሚል ነው። አባቷ ሲመለሱ የልጁን አባት ስም ነገርኳቸው። «የልብስ ሰፊው ልጅ?» አሉ፤ ምርኩዛቸውን አንስተው ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ «እንግዲያስ ሰው አለ። ጻፊ» አሏት።

ደብተሩን ያን ሳምንት ጀመርኩት። ጠንካራ ሽፋን ያለው የመዝገብ ደብተር ነው። እያንዳንዱ ግቢ የራሱ ገጽ አለው፤ በየገጹ የተማሪው ስም፣ የትምህርት ክፍሉ፣ የፖስታ ሣጥን ቁጥሩ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የማን ልጅ መሆኑ። የማን ልጅ መሆኑ ባይጻፍ ኖሮ ደብተሩ ለወላጅ ምንም አይፈይድም ነበር። ልጆቹ ደብዳቤ ይመልሱልኛል፤ በመልሳቸው ውስጥ ያለውን እዚያው ከገጹ ግርጌ አሰፍራለሁ። ዓለማያ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ይያዝ። አርባ ምንጭ ወባ አለ፣ አጎበር አይረሳ። ለሻንጣ ጓጉንቸር ቁልፍ ግድ ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር ካልኩለስ የብዙውን ሰው ውጤት ያወርዳል፣ ክረምቱን ሂሳብ ይከለስ። ኬኔዲ ወንበር የሚገኘው በማለዳ ነው። አንድ ልጅ ከአምቦ የጻፈልኝ ደግሞ ይህ ነው፦ እናቴ የሰጠችኝን በሶ በሦስት ቀን ለዶርም ልጆች አካፍዬ ጨረስኩት፤ የሚመጡት ግን እንዲቆጥቡት ይንገሯቸው። እኔ ግን ማካፈሉ የሚበጅ መሰለኝና እንዲቆጥቡ አልነገርኳቸውም።

ጅማ የሄደችው ልጅ በሁለተኛ ዓመቷ ጻፈችልኝ። ገበያ ውስጥ በእኛ አነጋገር የሚያወሩ ሴቶች አግኝታ፣ ከየት እንደመጡ ጠይቃ፣ በሰፈራ ከመጡት መሆናቸውን ነግረዋት ቡና አፍልተውላታል። ስለ አጎቷ ጠየቀቻቸው። አያውቁትም።

ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው የሚከብደኝ ነው፤ ሳልጽፈው ባልፍ ግን ስለዚያ ዘመን እውነቱን ጻፍኩ አልልም።

አንድ ልጅ ነበር፤ በሳይንሱ ክፍል ከሦስቱ ምርጦች አንዱ። ስንቅ ሊያመጣ ወደ ቤቱ በሄደ ቁጥር የሚሠራው ሥራ ነበረው። ከገደሉ ሥር ከሚወጣ ምንጭ ቦይ ቆፍሮ ወደ አባቱ ጓሮ ውኃ አመጣ፤ ቀጥሎ ለጎረቤት፤ ቀጥሎ ከቦዩ አፍ ላይ ውኃውን በሰዓት የሚያካፍል የእንጨት መዝጊያ ሠራ። ይህን ሁሉ እየሳቀ ይነግረኛል። ፎርም ሊሞላ ሲመጣ «ጋሼ፣ ምን ልሙላ?» አለኝ። እስክሪብቶውን ከእጁ ወስጄ አንደኛ ምርጫው ላይ ሕክምና ብዬ ጻፍኩለት። ነጥቡ ይበቃዋል፤ ወላጆቹ ይደሰታሉ፤ ከትምህርት ቤታችን ሕክምና የገባው ስንት ነው ተብሎ በየዓመቱ ይቆጠራልና እኔም እደሰታለሁ። የአርባ ምንጭ ገጽ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ነበር። የውኃ ምህንድስና የሚማሩ ሦስት ልጆች ስም ተጽፎበታል። አላሳየሁትም።

ሕክምና ገባ። ሁለት ዓመት ቆየ። በሦስተኛው ክረምት ማታ በዝናብ ቤቴ መጣ፤ ትምህርቱን ትቶት ነበር። ሻይ ጠጣን። አልተቆጣም፣ አልወቀሰኝም። ሲወጣ ግን በሩ ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ ያኔ እስክሪብቶውን ባይወስዱብኝ ምን እጽፍ እንደነበር አስባለሁ» አለኝ። ዛሬ በወረዳው ጉድጓድ ቆፍረው የእጅ ፓምፕ ከሚተክሉት ሠራተኞች አንዱ ነው፤ ሥራውን እንደሚወድ አውቃለሁ። መሐንዲስ ሆኖ ሊመራው የሚችለውን ሥራ ግን በሌሎች ትእዛዝ ነው የሚሠራው። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ ነክቼ አላውቅም። ጥያቄዬንም ቀየርኩ። «ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ስትለው የገጠር ልጅ ሐኪም ወይም ፓይለት ይልሃል፤ የተማረው መልስ ነው። «ቤት ስትሄድ እሑድን ምን ስትሠራ ትውላለህ?» ስትለው ግን ያወራል። የእናቷን የጤፍ ሽያጭ ሒሳብ የምትይዝ ልጅ አለች፤ የመንደሩን ራዲዮ ሁሉ ፈትቶ የገጠመ አለ፤ ሽማግሌዎች ሲያስታርቁ ከዛፉ ሥር ሳይነሣ የሚውል አለ። አስባለሁና፣ እኛ ልጆቻችንን ስናሳድግ ምን ትፈልጋለህ ብለን አንጠይቅም። ብላ እንላለን፣ አጥና እንላለን፣ ከብቱን መልስ እንላለን። ያ ፎርም በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃዳቸውን የጠየቃቸው ወረቀት ነበር። 18 ዓመት ሙሉ ተጠይቆ የማያውቅ ልጅ እስከ ዓርብ መልስ እንዲሰጥ ይጠበቃል። ሲያልበው፣ ወረቀቱን ሲያገላብጠው፣ መስኮቱን ሲያይ ዝም ብሎ አብሮት መቀመጥ ነው ትልቁ ሥራ። አንዳንዱ ሁለት ሰዓት ይፈጅበት ነበር።

ውጤቱ ክረምት ላይ ሲደርስ ዝናቡን እየተሻገሩ ይመጣሉ። የትምህርት ቤቱ በረንዳ በጭቃ ይሞላል። ስሙን ያየ ይጮሃል፤ ያላየ ደግሞ ጥግ ይዞ እንደገና ከላይ ጀምሮ ያነባል። ደግሞ ደጋግሞ ያነባል። እነዚህን እያንዳንዳቸውን ወደ ዕቃ ቤቱ እየጠራሁ በግል ስለመፈተን፣ ስለ ማሠልጠኛው፣ ስለ ማታ ትምህርት እነግራቸው ነበር። ለእነሱ የሚሆን ገጽ በደብተሬ አለመኖሩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ነገሩ ሁሉ ተቀየረ። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት ማትሪክ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ 10ኛ ክፍል ወረደ፤ 11ኛና 12ኛ መሰናዶ ተባሉ፤ አሁን ደግሞ የ10ኛውም ፈተና ቀርቷል። በ1992 ዓ.ም. ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ መቀሌና ደቡብ ዩኒቨርሲቲዎች ሆኑ። ወደ 2000 ዓ.ም. ግድም ደሴም የራሷን ዩኒቨርሲቲ አገኘች፤ ወልድያም ቆይታ አገኘች። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ናቸው። ይህን ሳይ ደስ ይለኛል፤ የደጋው ሰፈር ልጅ ቅዳሜ ማታ ቤቷ ደርሳ እሑድ መመለስ ትችላለች። ፈተናው ግን ጠንክሯል። ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ገብተው መፈተን በጀመሩበት በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በረንዳው ላይ ዝርዝሩን ደጋግመው ያነብቡ የነበሩትን ልጆች ያን ቀን አሰብኳቸው፤ አሁን ብዙኃኑ እነሱ ናቸው፣ የሚጠራቸውም የለም።

የልጅ ልጄ አምና ምርጫዋን በስልኳ ሞላች። ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ዩኒቨርሲቲዎቹን በተራ አስቀመጠች፤ ግማሽ ሰዓትም አልፈጀባት። ምደባው ሲወጣ አርባ ምንጭ ደረሳት። እናቷ ቡናውን ማፍላት ትታ «እዚያ ማን አለ?» አለች። ጥያቄው ከአንዲት የከተማ ሴት አፍ፣ ከ30 ዓመት በኋላ፣ በዚያው ቃል ሲወጣ ሰማሁት። አልገረመኝም። በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ መንገድ ላይ የታገቱትን ተማሪዎች ያላሰበ ወላጅ ከእኛ ዘንድ የለም። ልጅቷ «የቴሌግራም ግሩፕ አለ እኮ» አለች። የግቢው ካርታ፣ የዶርሙ ፎቶ፣ የሬጅስትራሩ ማስታወቂያ ሁሉ እዚያ አለ፤ አሳየችን። እናቷ ግን ከስልኩ ላይ ቀና ብላ እኔን ነው ያየችው።

ደብተሩን አወጣሁ። የፖስታ ሣጥን ቁጥሮቹ ዛሬ ምንም አይሠሩም፤ የማን ልጅ የሚለው ግን ይሠራል። ከአርባ ምንጭ ገጽ ላይ የአንዱን ስም ይዤ እህቱን ደሴ ፈልጌ አገኘሁ፣ እህቱ ስልኩን ሰጠችኝ። እዚያው ተምሮ እዚያው ቀርቶ ቤተሰብ መሥርቷል። ስሜን ስነግረው «ቀዩ ክር አለ?» አለኝ። መናኸሪያ ወጥቶ ተቀበላት፤ ባለቤቱ ምሳ ሠርታ ጠብቃታለች።

እንግዲህ ይህን ለምታነቡ፣ በተለይ በሩቅ ግቢ ለተማራችሁ፣ አንድ ልመና አለኝ። የዘንድሮው ምደባ ሲወጣ የሰፈራችሁ ልጅ እናንተ የተማራችሁበት ግቢ ከደረሰው ቤቱ ድረስ ሂዱ። መኪናው የት እንደሚያድር፣ በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ምን መያዝ እንዳለበት ንገሩት። እዚያ ከተማ የምታውቁት አንድ ሰው ካለ ደግሞ ስሙን፣ ስልኩንና የማን ልጅ መሆኑን በወረቀት ጽፋችሁ ለእናቱ ስጧት።